የዋሻው ላሞች

ስማዳ፣ ወገዳ
ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለካሣሁን፣
ሐረር

ጤና ላንተ ይሁን፣ የዓይኔ ብርሃን። ተቀምጠህ አንብብ።

ወንድምህ ይርጋ ሞቷል። ገና ሳንቀብረው የአጎትህ ልጅ ጓዴ፣ «ለካሣሁን ላኩበት፣ ጠመንጃውን ይዞ ይምጣ» ሲል ሰማሁ። የእሱ ወሬ ሳይደርስህ የሆነውን ከእኔ ስማ፤ በዓይኔ አይቻለሁና።

ከጎረቤታችን ከተክሌ ጋር በርስት ስንካሰስ መክረማችንን ታውቃለህ። ተክሌ ዳኛው ፊት ቆሞ፣ «ርስቱ ላይ ባለው ዋሻ ውስጥ በቀይ ቀለም የተሣሉት ላሞች የቅድመ አያቴ ናቸው፤ መሬቱ የእኔ ለመሆኑ እነሱ ይመስክሩ» አለ። ዳኛውም ሳይስቅ፣ «ማክሰኞ መጥቼ አያለሁ» ብሎ ቀጠረ። ሰኞ ጧት ይርጋ መጥረቢያ አንሥቶ ወደ ዋሻው ወጣ። «ተው!» እያልሁ ተከተልሁት።

ስደርስ የአንዷን ላም ራስ ፈልጦ ጥሎታል። ተክሌ ከታች እየሮጠ መጣ።

«ያያቴን ላም አትንካ!»

«ያያትህ ከሆነችማ እለባታ!» አለ ይርጋ እየሳቀ። «ጥጃዋን ላቅርብልህ?»

ተክሌ ተንደርድሮ ሲያንቀው ይርጋ በመጥረቢያው ትከሻውን ከፈለው። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ተክሌ በቀረው እጁ ዱላውን አዙሮ ማጅራቱን ሲለው ወንድምህ በጉልበቱ ወደቀ። ተክሌ ግን ከወደቀም በኋላ አልተወውም፤ ራሱ እስኪፈርስ ደበደበው። እግሩን ይዤ ስለምነው ፊቴን ረገጠኝ፤ ጥርሴ ወለቀ።

የይርጋን ፊት በነጠላዬ ሸፍኜ ቀና ብል ላሞቹ ከፊቴ ናቸው። አንዳቸውም ሻኛ የላቸውም። እዚህ አገር ሻኛ የሌለው ከብት ማን አይቶ ያውቃል? የተክሌም አያት፣ የእኛም አያት እንዲህ ያለ ላም አላረባም።

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ፣ «አስቀድሞ በስለት የመታው ልጄ ነው» ብዬ መሰከርሁ። ጓዴ ምራቁን ተፋብኝ። ቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ የቆየው ተክሌ ትናንት በቄሶቹ መካከል ሆኖ፣ ድንጋይ ባልቆሰለው ጫንቃው ተሸክሞ ደጄ ላይ ተደፋ። ሽማግሌዎቹም፣ «ደሙ የሚደርቀው ወንድምየው ሲምር ነው» አሉኝ።

ተክሌ መሣሪያ የሚይዙ ልጆች አሉት። ብትገድለው ይገድሉሃል፤ እኔም ሌላ ልጅ የለኝም። «ምሬዋለሁ» ብለህ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ።

እኔ አልማርሁትም። «ድንጋዩን አውርጂለት» ሲሉኝ እጄን ማንሣት አቃተኝ፤ ቄሱ አወረዱለት። ይህን ላንተ ብቻ ነገርሁ። አንተ ግን ማር።

እመ ብርሃን እጅህን ከደም ጠብቃ፣ እኔን ለመቅበር ታብቃህ።

እናትህ
ሐረገ ወይን