ደረቁ ጽድ ላይ ያሉት

ሰኔ 28
ልብስ ሳሰጣ አየኋቸው። ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች! ወንዱ ግንባሩ ቀይ፣ ሴቷ ድፍን አረንጓዴ። ደረቁ ጽድ ላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ገቡ። ሴቷ ቅጠል ቦጭቃ ላባዋ መሃል ሸጉጣ ነው የምትወስደው። እኔ ከጎፋ ገበያ ስመለስ ፌስታል ይቀደድብኛል... እሷ እቴ!

ሐምሌ 8
ሴቷ ጠፋች። ወንዱ ብቻውን ይመላለሳል። ድመት በልቷት ይሆን? አሞራ? እህል አልወርድ አለኝ። ልጄ ራኬብ ስልኳን ጎርጉራ፣ «እማ፣ እንቁላል ታቅፋ ነው። ወንዱ ይቀልባታል» አለችኝ።
«አባትሽ ይሄን በሰማ!»
ከበበው ሰምቷል ለካ። «እኔንስ ማን ይቅለበኝ?»

ሐምሌ 21
በዝናቡ መሃል ጽዱ ቋ! አለ። ያዘመመው ወደ ራኬብ ክፍል ነው። ከበበው ተቆጣ። «አናጢው ሃሩን ነገ መጋዝ ይዞ ይምጣ።»
«እንቁላሎቹስ?»
«ልጅሽስ?»


ሐምሌ 22
ለምኜ ለምኜ እሺ አለ። የራኬብን አልጋ ሳሎን አወጣን። አናጢው ሃሩን ጽዱን ከወዲያኛው ባሕር ዛፍ ጋር በገመድ ወጥሮ አሰረው። «እስከ መስቀል ቢቆይ ነው፤ እትዬ፣ ዋስ አልሆንም» አለኝ። ጎረቤቴ ትሩፋት በአጥሩ ላይ፣ «አንቺ፣ ለወፍ ብለሽ ቤት ልታፈርሺ?»
ብትስቅም እውነቷን ነው...

ነሐሴ 16
ነፋስ። ገመዱ ሲያቃስት እየተነሳሁ በመስኮት አያለሁ። ቢወድቅ ሁሉም እዚያው ናቸው፣ እናትየዋም። ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። ለወፍ ስለት ይሳላል እንዴ? እኔ እንጃ።

መስከረም 11
አንድ የጫጩት ጭንቅላት ብቅ አለ። ደሞ ሌላ! ጮህኩ። ከበበው ዛፉ የወደቀ መስሎት በአንድ እግር ጫማ ሮጦ ወጣ።

መስከረም 19
ትናንት በረሩ፣ ሁለቱም። ዛሬ ብስራተ ገብርኤል ሄጄ ጃንጥላዬን አስገባሁ። ትሩፋት «ምን ደርሶልሽ ነው?» አለች። «ቤተሰብ በሰላም ወጥቶልኝ» አልኳት።

መስከረም 21
ጽዱ ተቆረጠ። ከበበው ራሱ ነው ሃሩንን «ቀዳዳ ያለበትን ቁራጭ ባሕር ዛፉ ላይ በሽቦ እሰረው» ያለው። እኔ ምንም አላልኩም!

መስከረም 24
ራኬብ ክፍሏ ተመለሰች። ነፋሱን መስማት ትቻለሁ። ከበበው ግን አመሻሹ ላይ ወንበር አውጥቶ አንጋጦ ተቀምጧል።
«አልገቡም እኮ።»
«ይመጣሉ።»
«ድመትስ? ብርዱስ? ቀዳዳውን ባያውቁትስ?»
እኔን ነው የሚጠይቀኝ! «ተሳል እንግዲህ» አልኩት።
ሊስቅ ነው ስል... ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የምሩን ነው።