የማይቋረጠው ጠብታ

ዓይኔን በጨረር ላከመኝ የአዲስ አበባ ክሊኒክ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ይልቁንም ዓይንዎ እንደምን ሰነበተ? እኔ ሰርክአዲስ እባላለሁ፤ ሮቤ ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የባሌ ብርድና ጉም መነጽሬን እየጋረደ ቢያስቸግረኝ፣ ዓምና ከእርስዎ ዘንድ ታክሜ መነጽሬን ጥያለሁ። ስለተደረገልኝ ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወደድኩ።

አንደኛ፣ ስቴሮይድ የተባለ እብጠት ማብረጃ ያለበትን ጠብታ ስትሰጡኝ የዓይን ግፊት ሊጨምር እንደሚችል ነግራችሁ ስላላስጨነቃችሁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ ሩቅ መሆኑን አስባችሁ ይመስለኛል፣ የምርመራ ቀጠሮዬን ደጋግማችሁ ስላራዘማችሁልኝና በየጊዜው «ጠብታውን ብቻ እንዳያቋርጡ» ስላላችሁኝ ምስጋናዬ ይድረስ። ታዛዥ ነኝና ሲያልቅብኝ ከዚሁ ፋርማሲ እየገዛሁ ወራት ሙሉ አንጠባጠብኩ።

ሦስተኛ፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና እያየሁ ግንባሬንም እየወጋኝ ስደውል፣ ስልክ የምታነሳው ልጅ «ይለመዳል፣ እኅቴ» ብላ አጽናንታኛለች። እውነቷን ነው። በስተቀኝ ያለውን ዓለም አለማየትንም እየለመድኩ ነው።

ጎረቤቴ ሰይዳ ነርስ ናት። በቀኝ ጎኔ ቆማ እጇን ለሰላምታ ዘርግታልኝ ሳላያት ብቀር በመጀመሪያ ተቀየመች፤ ኋላ ግን ደነገጠች። «ኮቱ፣ ነይ ተነሺ፣ ዛሬውኑ ጎባ እንሄዳለን» ብላ ሚኒባስ ላይ አሳፈረችኝ። እዚያ ያገኘነው የዓይን ሐኪም ግፊቱን ለካና ጠብታውን በዚያው ቅጽበት አስቆመኝ። «ግፊቱን በመድኃኒት እናወርደዋለን፤ የተጎዳው የቀኝ ዓይን ነርቭ ግን አይመለስም» አለኝ። ምንም አይመለስም ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት። የግፊት መቀነሻውን ማዘዣ መጻፍ ጀመረ።

አራተኛ፣ አቤት ስላችሁ «የስምምነት ቅጹ ላይ ፈርመዋል» ብላችሁ አስታወሳችሁኝ። አዎ፣ የዓይን ብሌን የሚያሰፋ መድኃኒት ጨምራችሁብኝ ፊደሉ ሁሉ በደበዘዘበት ሰዓት ፈርሜያለሁ። ሌላ ወዴት እንደሚጮኽ አላውቅም። የዚህ አገር ጤና ቢሮ ወደ አዲስ አበባ ይመራኛል፣ የአዲስ አበባው ደግሞ ወደ እናንተ። በቀኝ በኩል የሚቀመጡ ተማሪዎቼ እጃቸውን አውጥተው ሲጠብቁ ሳላያቸው አልፋለሁ፤ እነሱም የናቅኋቸው መስሏቸው ማውጣቱን ትተውታል።

በተረፈልኝ ዓይን እጅ የምነሳዎት፣
ሰርክአዲስ፣ ከሮቤ

ማስታወሻ፦ ቤተሰቤን ይዤ ብመጣ ቅናሽ እንደምታደርጉልን የሚገልጸው የስልክ መልእክታችሁ ትናንት ደርሶኛል። ታናሽ እኅቴ ልደት መነጽር ታደርጋለች፤ እሷን መላክ ግን አልቻልኩም። መንገድ የምታሻግረኝ እሷ ናት።