ከወንዛችን ዳር ተጠቅልሎ ስለሄደው ሣር

ለተከበሩ የከተማችን የውበትና የአረንጓዴ ልማት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? መናፈሻዎስ ለምልሞ ሰነበተ? እኛ የታችኛው ሰፈር ሰዎች የጎደለው ጎድሎ፣ የቀረነው ደኅና ነን። ፊደል የቆጠርኩት ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬ ቢንሻፈፍ እንደ ትልቅነትዎ ይለፉኝ።

አንደኛ፣ የእኛን ሣር ስለ መረጡ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊዋ የእህቴ ልጅ ከጎረቤቶቿ ጋር በወንዙ ዳር ሣር ስትተክል፣ ላም ሳይኖርሽ ግጦሽ አዘጋጀሽ እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷም «ጋሼ፣ በሬ መች አጣን፣ አንተ አለህልን» ብላ ታስቅብኝ ነበር። ሣሩ ግን አፈሩን ጨምድዶ ያዘ፤ ዳርቻው መናዱን ተወ።

ሁለተኛ፣ ሠራተኞችዎ ያንን ሣር ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ላይኛው ሰፈር መናፈሻ ሲወስዱት፣ ከእኛ መካከል ለወግ ለማዕረግ የበቃ የመጀመሪያው ነዋሪ ሆነልን። ከተማዋን ከጎርፍ ለመከላከል እንደሆነ በትሕትና ተነገረን። ላይኛው ሰፈር ኮረብታ ላይ ስለሆነ ጎርፍ የሚደርሰው በዜና ብቻ ነው፤ ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም።

ሦስተኛ፣ በሣሩ ምትክ ስለተከሉልን ሰሌዳ አመሰግናለሁ። «አረንጓዴ ከተማ ለሁሉም» ይላል፤ ጽሑፉ ያምራል። ክረምቱ ሲገባ ዳርቻው ተናደና የልጅቷ ክፍል ከነስፌት መኪናዋ ወንዝ ገባ። እሷም ውስጥ ነበረች። ሰሌዳው በሲሚንቶ የተተከለ ነውና ምንም አልሆነም።

አራተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ከእንግዲህ ማንን እንደማበሽቅ አላውቅም።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እናቷ፣ እህቴ፣ ገደል አፋፍ ላይ ከቀረችው ክፍል አልወጣም ብላለች፤ ልጄ የሄደችው ከዚህ ነው፣ ወዴት ልሂድ ትላለች። ብንለምናትም፣ ብንቆጣትም አልሰማችንም። እባክዎ የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ሣራችንን ይመልሱልን። መኪና አይድከም፤ በጀርባችን ተሸክመን እናወርደዋለን፣ መልሰንም እንተክለዋለን።

መሥሪያ ቤትዎ ከጎርፍ በላይ እንደሆነ፣ ክብርዎም ከእኛ በላይ እንደሆነ እንዲዘልቅ የምመኝ፣

የልብስ ሰፊዋ አጎት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ መናፈሻዎ ሄጄ ሣሩ ላይ ጥቂት ተቀምጬ ነበር። ጥበቃው ቀስ ብሎ መጣና «አባት፣ ይነሡ እንጂ፤ ይጎዳል እኮ» አለኝ። ተነሣሁለት። በመሥሪያ ቤትዎ ለሌላ የሚያዝን ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ጊዜ ካጡ ደብዳቤዬን ለእሱ ይምሩልኝ።