በአባዬ አርባ ዕለት ስለሰጠሽው ቃል

ለእህቴ ለእፀገነት ገብረ መድኅን
ኩዌት

እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ? አሠሪዎችሽ ጎንሽን የምታሳርፊበት ጊዜ ይሰጡሻል? ሙቀቱ ከአሁኑ እንደበረታ ሰምተናል፤ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እኛስ ደህና ነን ብዬ ልጽፍልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ። አለን። እህታችን ምስጢር ለፈተና እያጠናች ነው፣ እኔም ከትምህርት ቤት አልቀረሁም፣ እማዬም ሥራ ትሄዳለች። ከዚያ በላይ ደህና የሚባል ነገር ቤታችን የለም።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ሁልጊዜ አጠገቤ ስለምትሆን ነው። ደግሞ አንቺ ወሬው ሲመርሽ «ኔትወርኩ አስቸገረኝ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ላይ ኔትወርክ አይቋረጥም። የጎረቤታችን ልጅ ሜሪ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አርባውን ስናወጣ በስልክ ስለተናገርሽው ነው። ነገሩን የሰማሽው ከሽማግሌዎቹ አፍ ስለሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሉቃስን ታውቂዋለሽ፤ እዚያ አብራሽ ያለችው የቡዜ ወንድም፣ ከእማዬ ጋር ብስኩት ፋብሪካ የሚሠራው። ሊጥ ማሽኑን ክዳኑን ከፍቶ ነበር የሚያሠራው፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅለት። እማዬ የፈረቃው ኃላፊ ናትና ሁለት ጊዜ ለብቻው ጠርታ እንደ እናት መከረችው። በጽሑፍ ብታስጠነቅቀው እንጀራው ላይ ይመጣበታል፣ የሰፈር ልጅ ነው፣ የእድራችን አባል ነው ብላ ተወችው። በኋላ አጠገቡ የምትሠራዋ ሶሬቲ እጅጌዋን ማሽኑ ያዘው። ልብሷ ተቀደደ እንጂ እጇስ ተረፈ። ያን ቀን እማዬ ከማሽኑ አንሥታ ጭነት ላይ መደበችው።

አባዬ በሕይወት እስካለ ድረስ ሉቃስ ትንፍሽ አላለም። አባዬ ሲሞትም ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ተቀምጦ ንፍሮ ቆረጠመ። እማዬ ሥራ በተመለሰች በሳምንቱ ግን ሠራተኛው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓት በር ላይ ጠበቃት። እንዲህ አላት፦ «ገብረ መድኅን ቆሞ ሳለ ሰው ነበርሽ። አሁን ማን አለሽ? ከጎፋ መካኒሳ በእግርሽ ነው የምትሄጂው። ልጅሽም ከትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሚወጣ አውቃለሁ።»

ያ ሁሉ ሰው ሰምቷል። አንገቱን ደፍቶ ወደየታክሲው ሄደ። እማዬ ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች፤ ለእኛ ምንም አልነገረችንም። የነገረችኝ ሶሬቲ ናት። አባዬ ማታ ማታ እማዬን ይጠብቅበት በነበረው የፋብሪካው በር ላይ አሁን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄጄ የምቆመው እኔ ነኝ። ጫኞቹ ዩኒፎርሜን ሲያዩ «የእቴጌ ዘበኛ መጣ» ይላሉ። ይበሉ።

እማዬ በነጋታው ለአስተዳደሩ አመለከተች፣ ፖሊስ ጣቢያም ሄዳ ቃሏን ሰጠች። የአስተዳደር ኃላፊው ምን አላት መሰለሽ? ልጁ ተናዶ ነው፣ ነገሩ እስኪበርድ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂ አላት። «የዛተው እሱ፣ ቤት የምቀመጠው እኔ?» ብላ መለሰችለት። ምስክር አምጪ ተባለች። እዚያው የነበሩት ሁሉ አልሰማንም አሉ። አንዱማ ጆሮዬ ደካማ ነው አለ፤ የሻይ ሰዓቱን ደወል ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ሰውዬ! የመሰከረችው ሶሬቲ ብቻ ናት። በእሷ ቃል ሉቃስ ከሥራ ታገደ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ ይወስንበታል።

ሽማግሌዎቹ የአርባውን ቀን የመረጡት አውቀው ነው። ተዝካር ላይ የመጣን ሰው ማን ከበር ይመልሳል? ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው በልቶ ሳይነሣ፣ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ እንግዳ ሉቃስን አስከትለው ገቡ። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። እንዳያሳዝንሽ፤ ድንጋዩን ያነሣው ከራሳችን አጥር ሥር ነው፣ ዓይኔ እያየ። አቶ እንግዳ «ሸዋዬ፣ በገብረ መድኅን ነፍስ ይዘንሻል፤ ይቅር በዪውና ክሱን አንሺ» አሏት። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው አንቺ ጋ ደወሉና ድምፅሽን ለቤቱ ሁሉ ለቀቁት። አንቺም «ማሪው እማዬ። አባቶቼ፣ ክሱን ታነሣለች፤ እኔ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አልሽ። «የበኩር ልጅ ቃል ሰጠች፤ አለቀ» ብለው ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

ስልኩ ስለተዘጋ የእማዬን መልስ አልሰማሽም። ተነሥታ ድንጋዩን በገዛ እጇ ከአንገቱ አወረደችለት። «በእሱ ነፍስ ከያዛችሁኝ፣ ስለ ራሴ ይቅር ብያለሁ» አለች። ሰዉ መመረቅ ሲጀምር አቋረጠችው። «ሶሬቲንስ በማን ነፍስ ልትይዟት ነው? ነገ ተመልሶ በር ላይ ሲቆምባት?» ሶሬቲ ጓዳ ሆና ሰሃን ታጥብ ነበር፤ የሰሃኑ ድምፅ ቀጥ ሲል ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ እማዬን ጨካኝ ይላታል። አቶ እንግዳ በየቀኑ እየመጡ ልጅሽን በሰው ፊት አታዋርጂያት ይሏታል። በሉቃስ አላሸነፏትም፤ በአንቺ ግን ሊያሸንፏት ነው። ትናንት ለብቻዋ «ልጄን ውሸታም ላደርጋት ነው?» ስትል ሰማኋት። ክሱን ካነሣች ሉቃስ ይመለሳል፣ ሶሬቲም ሥራውን ትለቃለች። ሌላ መግቢያ እንደሌላት አውቃለሁ።

ከቡዜ ጋር አንድ ክፍል እንደምትኖሩ አልረሳሁም። ፊቷን ማየት ከብዶሽ ይሆናል። እኛ ደግሞ በየቀኑ የወንድሟን ፊት ልናይ ነው። ለቀብሩ ባለመምጣትሽ አልወቅስሽም፤ ፓስፖርትሽ አሠሪሽ ጋ ነው። ግን አላየሽም፣ እኔ አይቻለሁ፦ የአባዬን ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ሉቃስ ነበር። ተሸክሞ መሞቱን ካረጋገጠ በኋላ ነው «አሁን ማን አለሽ» ያላት። በዚያው በአባዬ ነፍስ ሲለምን አንቺ አማላጅ ሆንሽለት። ይሄ እስከ ዛሬ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ለእማዬ አትደውዪ፤ እሷ ምንም አትልሽም። እሑድ ጠዋት እድሩ ይሰበሰባል። ያኔ ለአቶ እንግዳ ደውዪላቸውና ድምፄን ለሰው ሁሉ አሰሙልኝ በያቸው። ከዚያ በእኔ ላይ ያልደረሰውን በደል ይቅር ብዬ ነበር፣ ቃሌን አንሥቻለሁ በያቸው። ታፍሪያለሽ። እፈሪ። እማዬ በሠራተኛ ሁሉ ፊት ከሰማችው አይብስም።

ምስጢር ጉንጭሽን ስማለች። ሶሬቲ አታውቅሽም፣ ግን ለእህትህ ሰላም በላት ብላኛለች። ቡዜንም ሰላም በያት፤ እሷ አልበደለችንም። የእማዬን ሰላምታ አልጽፍልሽም፣ ይህን መጻፌን አታውቅምና። የእኔን ሰላምታ ደግሞ የእሑዱን ስልክሽን ከሰማሁ በኋላ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ ራጉኤል ገብረ መድኅን
መካኒሳ፣ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.