አንድ ላይ ልንናገር የተባባልን ዕለት

እንጅባራ፣ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ዳንግላ ተስማማሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚህ አገር ብርድና ከጉንፋኑ በቀር ደህና ነኝ። ብደውልልሽ ማልቀሴ ስለማይቀር ነው በወረቀት የመጣሁት።

ያን ሰኞ ረስተሽው አይመስለኝም። በሕፃናት ማቆያው ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ለሁለት አሥራ ዘጠኝ ልጅ ይዘን፣ ስናጥብ፣ ስናበላ፣ ስናስተኛ እየዋልን በወር ሁለት ሁለት ሺህ ብር ነበር የሚከፈለን። የማቆያውን ባለቤት አቶ ኪዳኑን አንድ ላይ ልናናግራቸው የተባባልነው አንቺ ቤት ነው። «አንቺ ጀምሪ፣ እኔ እከተላለሁ» ያልሽኝም አንቺው ነሽ።

ጀመርኩ። ደመወዛችን ይጨመር፣ ካልሆነም አንድ ሞግዚት ይቀጠርልን አልኩ። ወደ አንቺ ዞረው «አንቺስ?» ሲሉሽ፣ መሬት መሬቱን እያየሽ «እኔ ቅሬታ የለኝም» አልሽ። ጆሮዬን አላመንኩትም። በዚያው ሳምንት አሰናበቱኝ። ልጆቹን ልሰናበት ብል እንኳ አልፈቀዱልኝም፤ ትንሹ ሽመክት መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ሲጠራኝ እየሰማሁ ወጣሁ። አቶ ኪዳኑ ዳንግላ ላለው ማቆያቸው ኃላፊ እንዳደረጉሽ የነገረኝ ዘበኛው ነው። ሹመቱን ከዚያ ሰኞ በፊት ታውቂው ነበር? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አሁን በተከራየኋት ክፍል ልጆች እይዛለሁ። መጀመሪያ ስሜነሽ የምትባል ነርስ መንታዎቿን አመጣችልኝ፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት ተጨመሩ። ከኪራይ ብዙም አይተርፈኝም፣ ግን የማንንም ፊት አላይም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት እዚሁ እንጅባራ የቀሩት እናትሽ ናቸው፤ ልጅሽን እንቁን አዝለው ዝናብ ደብድቧቸዋል። «እናቷ የማቆያ ኃላፊ አይደለችም እንዴ? ለምን እሷ ጋ አትውልም?» አልኳቸው። «እዚያ ልጅ በዝቶ ማን ያይልኛል ብላ ነው፤ ወደ አንቺ የላከችኝ እሷ ናት። እኔ መላኬን እንዳትነግሪያት ብላኛለች» አሉኝ።

በሩን ልዘጋው ነበር፣ እውነቴን ነው። ልጅሽ ግን ከጀርባቸው ላይ ሆና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ተቀበልኳት።

ስትመጣ የነበራት ሳል ተሽሏታል። ገንፎ ትበላለች፣ ከምሳ በኋላ ካልታቀፈች አትተኛም። ይህን ስጽፍልሽ እግሬ ላይ ተኝታለች። ክፍያዋን እንደማንኛውም ወላጅ ወር ሲገባ ላኪ፤ ቅናሽ አላደርግልሽም።

እግዚአብሔር ልጅሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። አንቺንም ከክፉ ይጠብቅሽ።

የልጅሽ ሞግዚት