ያልተሰበረ ሳህን

ሃጋር ደሴት፣ ደቡብ ካሮላይና
መስከረም 29 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.

ውድ አባቴ፣

ፊላዴልፊያ መቼም ብርዱ ጀምሮ ይሆናል፤ ጉልበትህን ሸፈን አድርግ። እኛ ደህና ነን። ለአክስቴ ለኢቫሊና ደውለህ «ቴና ነገሩን ትተወው፤ አጥንት መሬት አይጠይቅም» ማለትህን ነግራኛለች። አልተውኩትም። ለምን እንደሆነ ከራሴ ስማ።

መሬታችንን የገዛው ኩባንያ መቃብሩን ማጠሩን ታውቃለህ። በነሐሴ ከእናቴ መቃብር ላይ አረም ልነቅል አጥሩን ዘልዬ ገባሁ። «የሰው ንብረት ደፍረሻል» ተብዬ እስር ቤት አደርኩ፤ ትምህርት ቤቱም ከመምህርነቴ አሰናበተኝ። ስፈታ የባሰ ነገር ጠበቀኝ። የኩባንያው ሠራተኞች መቃብሮቹን «አጽድተዋል»። ሙታኖቻችን በመጨረሻ የተጠቀሙበትንና መቃብራቸው ላይ ያኖርንላቸውን ኩባያ፣ ፋኖስ፣ ፒፓ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ ሁሉ ቆሻሻ ነው ብለው በጆንያ ጠቅጥቀው ወስደውታል። እኛ ዘንድ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ስንት መቃብር ላይ አለ? ምልክቱ ከተነሣማ «ይህ ጫካ ነው እንጂ መቃብር አይደለም፤ የጎልፍ ሜዳ እናደርገዋለን» ማለት ቀላል ሆነላቸው።

የቤተ ክርስቲያናችን ምእመን አጥሩ በር ላይ ተሰብስቦ አልነቃነቅም አለ። ጋዜጠኞች መጡ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ፕሬስኮት ካርቶን ሙሉ አዲስ ነጭ ሳህን አሸክሞ ሊታረቀን ብቅ አለ።

«ለእያንዳንዱ መቃብር አንድ አንድ አምጥተናል» አለ።

አክስቴ አንዱን አንሥታ አገላብጣ አየችው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ አልተሰበረም።»

«አዎ እማማ፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም!»

«ታዲያ ሁላችንንም ልትቀብረን ነው?»

ሰውዬው ግራ ገባው። አንተ ግን ታውቃለህ፤ መቃብር ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ካልተሰበረ የሞት ሰንሰለት አይበጠስም፤ ሟቹ የቀረውን ቤተሰብ እየጎተተ ይወስዳል። አክስቴ ሳህኑን አቀበለችኝ። «በይ፣ መምህርቷ አንቺ ነሽ። አስተምሪው።»

እግሩ ሥር ከሰከስኩት። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ተረባረበ።

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ጫማው ውድ ነው!» ይላል አጎት ኩፊ፣ ራሱ ሁለት ሳህን ይዞ።

ሳህኑ ሲያልቅ ጋዜጠኞቹ ፊት ጠየቅኩት። «መቃብር ከሌለ፣ ሳህኑን ለማን አመጣህ?»

ጫማውን ከስባሪው አራግፎ ወደ መኪናው ሄደ። ያንኑ ጥያቄ የወረዳው ምክር ቤት ፊት ደገምኩት፤ ምክር ቤቱም ሰማኝ። ሥራው ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጆንያዎቹም ተመለሱ። ለዘለቄታው የሚወሰነው ገና ነው፤ እኛ ግን ከዚያ አንወጣም። ሽማግሌዎቹ ዕቃውን ሣር ላይ ዘርግተው «ይቺ የቢናህ ፒፓ ናት»፣ «ይሄ የዲያቆኑ ፋኖስ ነው» እያሉ ወደየባለቤቱ መቃብር መለሱት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ወደ መቃብሩ እየወሰድኩ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤት ቢያባርሩኝም ከዚህ የሚያባርረኝ የለም። የምጀምረው መቃብሩ ዳር ካለው የዛጎል ጉብታ ነው፤ አያቶቻችን በባርነት ከመምጣታቸው በፊት የነበሩት የአገሩ ባለቤቶች እዚያ ተኝተዋል። ስማቸውን አናውቅም፤ ግን አጎት ኩፊ ባርኔጣውን ሳያወልቅ አያልፋቸውም።

የእናቴ ሰማያዊ ኩባያም ተገኘ። በቀብሯ ቀን ቂጡን የሰበርከው አንተ ነህ፤ በማግስቱ በጀልባ ሄድክ።

መሬቱ ያልተከፋፈለ የጋራ ርስት ስለነበረ፣ ከወራሾቹ አንዱ ድርሻውን ባይሸጥ ኖሮ ፍርድ ቤት የቀረውም እንዲሸጥ አይፈርድብንም ነበር። ማን እንደሆነ እዚህ ማንም አይናገርም። አክስቴ «አንዱ ሰው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። እኔም አልጠይቃትም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ፤ ከባዕድ ምድር ብርድም ይሰውርህ። ከእናቴ በስተግራ ያለው ቦታ ያንተ ነው፤ ሌላ ሰው እንዳይቀበርበት ዙሪያውን በዛጎል አጥሬዋለሁ። አጥንት መሬት የጠየቀህ ቀን ና። የምትጠጣበትን ኩባያ ይዘህ ና።

የምሰብረው እኔ ነኝ።

እንቢ ባይዋ ልጅህ፣
ቴና