ገንዳው ውስጥ የሚነዝረው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2006

«ነዘረኝ! ወርቄ፣ ነዘረኝ!»

ሽንኩርቱን ከነቢላው ጥዬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ደረጀ ገንዳው ውስጥ ቆሞ፣ የብረቱን መሰላል በሁለት እጁ ጨብጦ እንደ ልጅ ይስቃል። ከፋሲካ ወዲህ ግራ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆኖበታል። ስትሮኩ ምላሱን ምሮለት እግሩን ነው የወሰደበት። ቆንጥጬዋለሁ፣ በሙቅ ውሃ ነክሬዋለሁ፣ በመርፌ ሁሉ ወግቼዋለሁ፤ ምንም አይሰማውም። ሐኪሙ «ውሃ ውስጥ ይራመድ» ስላለ ነው ጓሯችን ያለውን የድሮ የቡና ማጠቢያ ገንዳ በሲሚንቶ አስለስነን፣ መሰላል አስበይደን መዋኛ ያደረግነው። የአማን ከተማ ሰው ባሌን «ዋናተኛው» እያለ ይቀልድበታል። ይቀልድ።

እሱ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ላወጣው ብዬ መሰላሉን ስይዝ ግን አንድ ነገር እጄን ነከሰኝ፤ ልክ የራቱን ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው የቆረጠኝ ቦታ ላይ። ለቀቅኩት። ደግሜ ነካሁት። ደግሞ ነከሰኝ።

አልነገርኩትም። ያንን ፊቱን ያየ ሰው እንዴት ብሎ ይነግረዋል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ኤሌክትሪሺያኑን ሳሙኤልን አስጠራሁት። ለደረጀ «የገንዳው ፓምፕ ድምፅ አላማረኝም» አልኩት። ውሸት ነው፤ ይሁን።

ሳሙኤል በቀትር መጣ። ፓምፑን ፈታ፣ ገጠመ፣ መሰላሉንም ውሃውንም ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚበራው ቴስተር ነካካ። ቴስተሩ አልበራም። «እትዬ ወርቅነሽ፣ ንጹሕ ነው። ሕፃን ይታጠብበት» አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የነከሰኝ የሽንኩርቱ ቁስል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ረቡዕነቱን ረስቼ ለራት ዶሮ ልሠራ ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ሲመሻሽ ደረጀ ገንዳው ውስጥ ገባ። ቀን አይገባም፤ ሰው ሲያየው ያፍራል። መሰላሉ ጋ ሲደርስ «መጣ! ዛሬም መጣ!» አለ። ባቱ ሲንዘፈዘፍ በዓይኔ አየሁት።

«ቀኙስ?» አልኩት፣ እንዲያው ሳላስበው።

«እሱም ትንሽ ይነዝረኛል። ምነው?»

ጤነኛው እግር ምን ሆኖ ይነዝራል? በርዶሃል፣ መሽቷል፣ ያገኘሁትን ሁሉ ቀባጥሬ አስወጣሁት። መሰላሉን እንዳይነካ በብብቱ ይዤ ስጎትተው ሁለታችንም ልንወድቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ጠዋት ሚዛን ከተማ ሄጄ የራሴን ቴስተር ገዛሁ። ባለሱቁ «ለባለቤትሽ ነው?» አለኝ። «አይ፣ ለእኔ» ስለው ሳቀ።

ቀኑን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ዝም ካልኩ ገንዳው ይገድለዋል። ከነገርኩት ደግሞ ያ ሳቁ ይሞታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው።

ሲመሻሽ ተደብቄ መሰላሉን በቴስተሩ ነካሁት። በራ። ሮጬ ገብቼ የቤታችንን ዋና ማጥፊያ አጠፋሁ። ደረጀ ከመኝታ ቤት «መብራት ሄደ?» ይላል። በዳበሳ ተመልሼ ነካሁት። አሁንም በራ! ቤቴ ጨለማ ነው፣ መሰላሌ ግን ኤሌክትሪክ አለው። ሰይጣን ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

ይኼኔ ደረጀ ክራንቹን ተደግፎ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«ዛሬ አትገባም» አልኩት።

«ለምን?»

«አትገባም አልኩህ!»

«እግዜር ሲምረኝ አንቺ ትከለክይኛለሽ?» አለ። እንዲህ ባለ ዓይን አይቶኝ አያውቅም። መሰላሉ ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ወዲያው የከተማው መብራት በሙሉ ድርግም አለ። እሱ እየተራገመ ወደ ቤት ሲገባ እኔ መሰላሉን እንደገና ነካሁት። አልበራም። እንግዲያው ነገሩ ከቤታችን ሳይሆን ከውጭ ነው የሚመጣው።

ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

በቀትር የለም፣ ሲመሽ ይመጣል። የእኛን ስናጠፋ አይጠፋም። ታዲያ ሲመሽ የሚበራው የማን ነው?

ጎረቤቴ ዘሃራ ቡና ነጋዴ ናት፤ ከጅማ መጥታ ባሏን እዚሁ የቀበረች። ዘንድሮ እሸት ቡናው በዝቶ፣ ለማድረቂያው የእንጨትና የሽቦ አልጋ ግቢዋ አልበቃ ሲላት «በእኛም በኩል ዘርጊ» አልኳት። አጥሩን ከፍተን የሽቦ መረቡ እስከ ገንዳችን መጣ። ባለፈው ቅዳሜ ሌባ ስለገባባት ደግሞ አልጋው ራስጌ ላይ አምፖል ሰቅላለች። ይህን ሁሉ በየቀኑ ሳየው ነው የኖርኩት!

አምፖሏ እስኪበራ ጠብቄ ቴስተሬን ይዤ ወጣሁ። የአጥሩን ቆርቆሮ ነካሁ፣ የለም። የአልጋውን እንጨት ነካሁ፣ የለም። መረቡን ስነካው ቦግ አለ።

ዘሃራ እዚያ ማዶ ጎንበስ ብላ ቡና ትለቅማለች። «ዘሃራ! እጅሽን ከቡናው አንሺ! አምፖሉን አጥፊ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች፤ ግን አነሳች። ስነግራት ደርቃ ቀረች። «ወላሂ፣ ሽቦው የሚወጋኝ መስሎኝ ነበር! ጭቃ ፈርቼ ያደረግሁት ላስቲክ ጫማ ነው እንግዲህ ያተረፈኝ!»

ሳሙኤል መጥቶ አገኘው። የአምፖሉ ገመድ በመረቡ ሥር አልፎ በምስማር ተመትቷል፤ ምስማሩ ገመዱን በስቶ መረቡን ነክቷል። የቀን ሠራተኞቿ ደግሞ መረቡ ቡናው ሲከብደው እንዳይረግብ ጫፉን ወጥረው ከመሰላላችን ጋር አስረውታል። እዚህ አገር አልጋ ሲወጠር ጠንካራ ነገር ከተገኘ እሱ ላይ ነው የሚታሰረው፤ የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ለደረጀ ነገርኩት። ከማክሰኞ ጀምሮ ያለውን ሁሉ።

«እንግዲህ የነዘረው የእኔ እግር አይደለም። የዘሃራ አምፖል ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሳሙኤል መረቡን ከመሰላሉ ፈታ፣ አምፖሉን በአዲስ ገመድ እንጨት ላይ አዞረ፣ ለመሰላሉም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስድ ግራውንድ ቀበረ። ሲመሽ አምፖሉን አብርተን ሁሉንም ነካካሁ። የትም አልበራም። በቴስተር ማንም አይበልጠኝም አሁን።

ዘሃራ አንድ ግንድ ሙዝ አሸክማ መጥታ «ባልሽን ልገድልብሽ ነበር» እያለች አለቀሰች። ደረጀ ተነስቶ ሰላም አላላትም። ፎጣው ደርቆ ተሰቅሏል። ነፍሱን አተረፍኩ፤ እሱን ራሱን ግን ያጣሁት መሰለኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ «ተነስ፣ ግባ» አልኩት።

«ምን ላገኝ?»

እኔ ውሃ እፈራለሁ። ዋና አልችልም፤ ያ ገንዳ ከተሠራ ወዲህ እግሬን ነክሬበት አላውቅም። ጫማዬን አውልቄ ከነቀሚሴ ገባሁ። ቀሚሴ ተነፍቶ ዙሪያዬን ተንሳፈፈ። «አንቺ እብድ!» ሲል ሰማሁት። መስኮቱ ላይ ሆኖ ሊስቅ ፈልጎ ይታገላል። «ልሰምጥ ነው፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» አልኩት። በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየ፣ መጣ።

የትናንቱ ዝናብ ውሃውን አደፍርሶታል፤ እግራችን አይታይም። ግራ ጎኑን ደግፌ በዳር በዳር ዞርን።

«ምን ይሰማሃል?»

«ምንም።»

ደግመን ዞርን። «ምንም አልኩሽ እኮ!» ከንፈሬን ነከስኩ። ከእንግዲህ አልጠይቀውም ብዬ ማዕዘኑ ላይ ስንታጠፍ አዳለጠኝና አንገቱን አነቅኩት።

«ኧረ ወርቄ፣ እግሬን ረግጠሽኛል!»

«የቱን?»

ውሃውን አየ፣ እኔን አየ።

«ግራውን» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እግሬን ቶሎ አላነሳሁለትም።